ሁለት ፖስታ፣ 42 ቀን፦ ያለ ባለቤት የቀረው የሜፕልስ መዝገብ

በሜይ 2003 በአሜሪካ አላባማ ግዛት ከሚገኝ ፍርድ ቤት ሁለት ፖስታዎች ወደ ኒው ዮርክ ተላኩ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሁለቱም ውስጥ ያለው ትእዛዝ አንድ ነው። ኮሪ ሜፕልስ የተባለ ሞት የተፈረደበት እስረኛ ያቀረበው አቤቱታ ውድቅ ሆኗል። ይግባኝ ለማለት ያለው ጊዜ 42 ቀን ነው።

ፖስታዎቹ የተላኩት ለሁለት ጠበቆቹ ነበር። አድራሻው ስሙ በዓለም የታወቀው ሱሊቫን ኤንድ ክሮምዌል የተባለው የሕግ ድርጅት ነው። ሁለቱም ሳይከፈቱ ተመለሱ። በአንደኛው ላይ ተቀባዩ እንዳልታወቀ የሚገልጽ ማኅተም ተመቷል። በሌላኛው ላይ ከማኅተሙ በተጨማሪ በእጅ ጽሑፍ «ለላኪው ይመለስ፣ ከድርጅቱ ለቋል» የሚል ቃል ሰፍሯል። ፖስታ ክፍል የሚሠራ ሰው ሥራውን ሠርቶ ቀኑን ቀጠለ። የሜፕልስ 42 ቀን ግን መቁጠር ጀምሮ ነበር።

ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በጃንዋሪ 2012 ውሳኔ አግኝቷል። ብዙ ጊዜ የሚያነሱት ስለ ሞት ቅጣት የሚከራከሩ ሰዎች ናቸው። እኔ ጠበቆች ሁሉ እንዲያነቡት የምፈልገው በሌላ ምክንያት ነው። ይግባኙ የቀረው ሕግ ባለማወቅ አይደለም። የቀረው በፖስታ፣ በቀን መቁጠሪያ፣ በርክክብና ባልተነገረ ስንብት ነው። የጠበቃ ሥነ ምግባርና የቢሮ አሠራር ለየብቻ የሚማሩ ነገሮች የሚመስሉት ሰው ይህን መዝገብ ያንብብ።

መነሻው

ሜፕልስ በ1995 ሁለት ጓደኞቹን ገድሏል ተብሎ በ1997 ጥፋተኛ ተባለ። ወንጀሉ ከባድ ነው። ሁለት ቤተሰቦች ልጆቻቸውን አጥተዋል። ጁሪው፣ ማለትም ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች፣ 10 ለ 2 በሆነ ድምፅ ሞት እንዲፈረድበት ሐሳብ አቀረበ፣ ፍርዱም ያው ሆነ።

በዚያ ችሎት የቆሙለት በመንግሥት የተመደቡ ሁለት ጠበቆች ነበሩ። አላባማ ያኔ ለተመደበ ጠበቃ የምትከፍለው በችሎት ለሚቆምበት ሰዓት 40 ዶላር፣ ከችሎት ውጭ ለሚሠራበት ሰዓት 20 ዶላር ነበር። ከችሎት ውጭ ላለው ሥራ ደግሞ ጣሪያው 1,000 ዶላር ነው። ሲሰላ 50 ሰዓት ይሆናል። የሰው ሕይወት የተያዘበትን ክስ መርምሮ፣ ምስክር አነጋግሮ፣ ማስረጃ ሰብስቦ ለመዘጋጀት 50 ሰዓት! ከሁለቱ አንዳቸውም በሞት ፍርድ ክስ የቅጣት ደረጃ ላይ ተከራክረው አያውቁም ነበር። ለጁሪው ራሳቸው በጨለማ የሚደናበሩ ሊመስሉ እንደሚችሉ ተናግረዋል።

አላባማ ያኔ የመጀመሪያው ይግባኝ ካለቀ በኋላ ለሚቀርብ አቤቱታ ጠበቃ የማግኘት መብት አትሰጥም ነበር። ስለዚህ የሞት ፍርደኞች በአብዛኛው የሚተማመኑት ከሌላ ግዛት በፈቃደኝነት በሚመጡ ጠበቆች ላይ ነበር። ለሜፕልስም የሱሊቫን ኤንድ ክሮምዌል ሁለት ወጣት ጠበቆች በነፃ ሊቆሙለት ተስማሙ። በኦገስት 2001 አቤቱታውን አስገቡ። ዋናው ነጥብ የመጀመሪያዎቹ ጠበቆች በሚገባ አልተከላከሉለትም የሚል ነው። ከዝርዝሩ አንዱ በድርጊቱ ጊዜ በአልኮልና በዕፅ ሰክሮ እንደነበር አንስተው አልተከራከሩም የሚለው ነበር። ግዛቲቱ አቤቱታው ወዲያው ይዘጋልኝ ብላ ጠየቀች። ፍርድ ቤቱ እምቢ አለ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ጥሩ ነበር።

ስሙን ያዋሰው ጠበቃ

የኒው ዮርክ ጠበቃ አላባማ ሄዶ ዝም ብሎ መቆም አይችልም። የዚያ ግዛት ፈቃድ ያለው ጠበቃ አብሮት መመዝገብና ለዚያ አንድ ጉዳይ ልዩ ፈቃድ እንዲሰጠው መጠየቅ አለበት። የአላባማ ደንብ ይህ የአገሩ ጠበቃ ለደንበኛው በሙሉ ኃላፊነት ከእንግዳው ጠበቃ ጋር እኩል እንደሚጠየቅ ያስቀምጣል።

አንድ የአላባማ ጠበቃ ይህን ሚና ያዘ። ግን ገና ከመጀመሪያው ለኒው ዮርኮቹ ነገራቸው። ስሜን ተጠቀሙ፣ ፈቃዱን አውጡበት፣ ዋናው ክርክር ውስጥ ግን የለሁበትም። ሀብቱም ጊዜውም ልምዱም የለኝም አለ። እነሱም ተስማሙ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ይህ ዓይነቱ ስምምነት በየቦታው ያለ ነው። ለባልደረባ ውለታ ይመስላል። ማንም ክፉ አላሰበም። ግን ፍርድ ቤቱ የሚያየው ወረቀቱን ነው። ወረቀቱ ላይ ሦስት ጠበቃ አለ። ደንበኛውም ሦስት ጠበቃ አለኝ ብሎ ይተኛል። ከሦስቱ አንዱ ከስም ያለፈ ምንም እንደማያደርግ የሚያውቁት ጠበቆቹ ብቻ ናቸው። ይህን ደንበኛው ካልሰማ፣ በጽሑፍ ካልተቀመጠ፣ ፍርድ ቤቱም ካላወቀው ትልቅ አደጋ ነው። ስሙ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር የፈቀደ ጠበቃ ቢያንስ አንድ ግዴታ አለበት። ከፍርድ ቤት የደረሰውን እያንዳንዱን ወረቀት ለዋናዎቹ ጠበቆች ማስተላለፍና መድረሱን ማረጋገጥ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

የሜይ 2003ቱ ትእዛዝ ለዚህ ጠበቃ ደርሶታል። እንደሌሎቹ ፖስታዎች አልተመለሰም። ኒው ዮርኮቹ ይዘውታል ብሎ ስላሰበ ምንም አላደረገም። ስልክም አልደወለም።

ስንብቱ

ኒው ዮርኮቹ ግን ከዚያ ከወራት በፊት ሄደዋል። በ2002 ክረምት ሁለቱም ድርጅቱን ለቀዋል። አንደኛው የፌዴራል ዳኛ ረዳት ሆኖ ለመሥራት፣ ሌላኛዋ ቤልጂየም በአውሮፓ ኮሚሽን ሥራ ይዛ። ሁለቱም ሥራዎች ያዢያቸው ሜፕልስን መወከሉን እንዳይቀጥል የሚያግዱ ነበሩ።

ለሜፕልስ አልነገሩትም። ፍርድ ቤቱንም ከመዝገቡ እንድንሰናበት ይፈቀድልን ብለው አልጠየቁም። ከድርጅቱ ሌላ ጠበቃ በስሙ ተመዝግቦ አልተተካም። ድርጅቱ ውስጥ ጉዳዩን የሚያውቁ ሌሎች ጠበቆች እንደነበሩ በኋላ በቀረበ ቃለ መሐላ ተገልጿል። ሆኖም በአላባማ መዝገብ ላይ የማንኛቸውም ስም የለም። ማሳወቂያ ሊደርሳቸው አይችልም። በደንቡ መሠረት ለሜፕልስ የመናገር ሥልጣንም የላቸውም።

በዚያን ጊዜ መመሪያ አልነበረም እንዳይባል፣ ነበረ። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በ1999 ባወጣው 99-414 በተባለው አስተያየት ጠበቃ ድርጅት ሲለቅ በእጁ ያለ ደንበኛ በጊዜው እንዲያውቅ መደረግ እንዳለበት ተናግሯል። ማኅበሩ ለጠበቆች ሥነ ምግባር አርአያ እንዲሆን ያወጣው ሞዴል ደንብ 1.16 ደግሞ ፍርድ ቤት ያለ ጉዳይን መተው የፍርድ ቤቱን ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነ ያንን ማግኘት ግዴታ መሆኑን ይደነግጋል። በአላባማም ተመዝግቦ የገባ ጠበቃ ፍርድ ቤቱ እስኪያሰናብተው ድረስ ጠበቃ ሆኖ ይቆያል። ሕጉ እንዲህ ግልጽ ሆኖ ሳለ ያልተሠራው ሁለት ገጽ የማይሞላ ወረቀት ነው።

ለምን አልተሠራም? መዝገቡ የእያንዳንዱን ሰው ሐሳብ አይነግረንም። አንድ ነገር ግን ያሳያል። የነፃ አገልግሎት ጉዳዩ የድርጅቱ ሳይሆን የግለሰቦቹ ተደርጎ ይታይ ነበር። ኋላ ላይም ሜፕልስን የወከሉት ግለሰብ ጠበቆቹ እንጂ ድርጅቱ አይደለም ተብሎ ለፍርድ ቤት ተገልጿል። እኔ የችግሩን ሥር የማየው እዚህ ነው። ክፍያ የሚያስገባ ፋይል በቢሮው ሥርዓት ውስጥ ያልፋል። ኃላፊ አለው፣ በወር ሒሳብ ይወጣበታል፣ ጠበቃው ሲለቅ የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለ። የነፃው ፋይል ግን በያዘው ሰው ትጋት ላይ ብቻ ሊንጠለጠል ይችላል። ሰውየው ሲሄድ ፋይሉን የሚፈልገው የለም። ከፍሎ የማይጠይቅ ደንበኛ ይበልጥ ጥበቃ ያስፈልገዋል ብዬ አምናለሁ፤ ቅር ሲለው ጥሎ የሚሄድበት ሌላ ቢሮ የለውምና።

ማን ነገረው?

ፖስታዎቹ ወደ ፍርድ ቤቱ ሲመለሱ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ተቀብሎ አስቀመጣቸው። ልዩ ፈቃድ ሲጠይቁ ጠበቆቹ የግል ስልካቸውንና የቤት አድራሻቸውን አስፍረው ነበር። ማንም አልደወለበትም። ይህ የፍርድ ቤት አሠራር ጉድለት ነው። ጠበቃ ግን ቢሮውን የሚያደራጀው የሌላ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ እንደሚደውልለት እየተማመነ ሊሆን አይችልም።

በጁላይ 2003 ጊዜው አለቀ። በኦገስት ሜፕልስ እስር ቤት ሆኖ ደብዳቤ ደረሰው። የጻፈለት ጠበቃው አይደለም። በግዛቲቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የሚሠራ ሰው ነው፣ ተከራካሪው ወገን ማለት ነው። ደብዳቤው የይግባኝ ጊዜህ አልፏል፣ ለፌዴራል ፍርድ ቤት አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ለማቅረብ ደግሞ አራት ሳምንት ቀርቶሃል ይላል። ግልባጩ ለአላባማው ጠበቃ አልተደረገም። ለማንም ጠበቃ አልተደረገም። ጠበቃ ላለው ሰው ተከራካሪው በቀጥታ አይጽፍም። ስለዚህ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ደብዳቤ ሲመዝን፣ ግዛቲቱ ራሷ ያን የአገር ውስጥ ጠበቃ እንደ እውነተኛ ጠበቃ አልቆጠረችውም የሚል ትርጉም ሰጥቶታል።

ሜፕልስ ለእናቱ ደወለ። እናቱ ወደ ኒው ዮርኩ ድርጅት ደወለች። ድርጅቱ ምን እንደተፈጠረ ያወቀው ያኔ ነው። ሌሎች የድርጅቱ ጠበቆች ተሯሩጠው፣ ይግባኝ የሚቆጠርበት ጊዜ እንደገና እንዲጀምር ትእዛዙ በድጋሚ ይሰጥልን ብለው ለመኑ። የአላባማ ፍርድ ቤቶች አልተቀበሉም። የፌዴራሉ ወረዳ ፍርድ ቤትም፣ ቀጥሎም የይግባኙ ፍርድ ቤት፣ የግዛቲቱን ሥነ ሥርዓት ስላላከበርክ ክርክርህን አንሰማም አሉት።

ይህን ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1991 ኮልማን በሚባለው ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ወስኖ ነበር፦ በዚህ ደረጃ የጠበቃ ቸልተኝነት የደንበኛው ቸልተኝነት ነው። እዚያ የይግባኝ ማስታወቂያው የዘገየው በሦስት ቀን ብቻ ነበር፣ ይቅርታ ግን አልተደረገለትም። ጠበቃ የደንበኛው ወኪል ነው፣ ወኪል የሚያጠፋው ጥፋት በወካዩ ላይ ይወድቃል። የውክልና ሕግ ዓለም ሁሉ የሚጋራው ሐሳብ ነው።

በሜፕልስ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ ልዩነቱን አሳየ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ሩት ቤደር ጊንስበርግ ናቸው። ስህተት የሠራ ጠበቃና ጥሎ የሄደ ጠበቃ አንድ አይደሉም አሉ። ሳይናገር ጥሎ የሄደ ጠበቃ ከዚያ ቅጽበት ጀምሮ ወኪል መሆኑ ያበቃል። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር በደንበኛው ላይ ሊቆጠር አይችልም። ሰውየው ጠበቃ እንደሌለው እንኳ አያውቅም፣ ታዲያ ራሱን እንዴት ይከላከል? ዳኛ ሳሙኤል አሊቶ ተስማምተው ለብቻቸው ሲጽፉ፣ እምብዛም የማይገጣጠሙ ክፉ አጋጣሚዎች በአንድ ሰው ላይ ተደራረቡ አሉ። ዳኛ አንቶኒን ስካሊያና ዳኛ ክላረንስ ቶማስ ተቃወሙ። የአላባማው ጠበቃ ስሙ አለ፣ የድርጅቱም ሌሎች ጠበቆች ነበሩ፣ ሰውየው ተጥሏል ማለት አይቻልም ባዮች ናቸው።

የዳኛ አሊቶን አባባል አከብራለሁ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማበትም። አጋጣሚዎቹ ሲደራረቡ ብርቅ ናቸው። አንድ በአንድ ሲታዩ ግን በየቢሮው ያሉ ናቸው። ጠበቃ ሥራ ይቀይራል። ፖስታ ይመለሳል። ባልደረባ «እነሱ ይዘውታል» ይላል። ከእነዚህ አንዱን የሚያቆም አሠራር ቢኖር ኖሮ ሰንሰለቱ ይበጠስ ነበር።

ቢሮ ውስጥ ምን ይደረግ?

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሳው ፖስታውን ነው። ፖስታ የሚቀበለው ሠራተኛ ምን እንደሚመልስና ምን እንደማይመልስ በጽሑፍ ሊነገረው ይገባል። ከፍርድ ቤት የመጣ ነገር በምንም ምክንያት ሳይከፈት አይመለስም። የለቀቀ ጠበቃ ስም ካለበት ወደ ተወሰነ አንድ ኃላፊ ይሄዳል። ኢሜይልም ያው ነው። የለቀቀ ሰው ኢሜይል ቢዘጋ እንኳ ወደ እሱ የሚመጣው መልእክት ሌላ ሰው ጋ መድረስ አለበት። ሞዴል ደንብ 5.3 ጠበቃ ያልሆኑ ሠራተኞችን አሠራር የመቆጣጠር ኃላፊነት በጠበቆቹ ላይ ይጥላል። ስለዚህ የፖስታ ክፍሉን ሠራተኛ መውቀስ ቀላል ነው፣ ትክክል ግን አይደለም። እሱን ያላሠለጠነው ማን ነው?

ሁለተኛው ነገር ዝምታ ነው። አቤቱታው ከገባ በኋላ ወራት ያለ ምንም ወሬ አልፈዋል። ቀጠሮ ብቻ የሚመዘግብ የቀን መቁጠሪያ እንዲህ ላለው መዝገብ አይረዳም፣ ምክንያቱም ቀጠሮ የለውም። ውሳኔ የሚጠበቅበት ፋይል ሁሉ የራሱ የመጠየቂያ ቀን ያስፈልገዋል። በየወሩ አንድ ሰው መዝገብ ቤት ደውሎ «ምን ደረሰ?» ይበል። ያ ሰው ደግሞ ከፋይሉ ዋና ጠበቃ ሌላ ቢሆን ይሻላል። ዋናው ጠበቃ ሲለቅ ወይ ሲታመም የሚታወቀው ያኔ ነው።

ሰው ሲለቅ የሚደረገው ርክክብ በፋይል ዝርዝር መሆን አለበት። ጠበቃው በስሙ የተመዘገበበትን መዝገብ ሁሉ፣ የነፃውንም፣ ለዘመድ የያዘውንም ይዘረዝራል። ለእያንዳንዱ ተተኪው ማን እንደሆነ፣ ደንበኛው በጽሑፍ መነገሩ፣ በፍርድ ቤት የስም ለውጡ መጽደቁ ይሞላል። የመጨረሻው ሳይሞላ ሰውየው ቁልፍ አያስረክብም። ጥብቅ ይመስላል። ግን ደንበኛው እስር ቤት ሆኖ ደጅ መጥናት የማይችል ሰው ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በ2019 ባወጣው 489ኛ አስተያየት ይህንኑ የሽግግር ኃላፊነት ለለቃቂውም ለድርጅቱም ሰጥቷል። የሚለቀው ሰው «ቢሮው ያስተካክለዋል» ማለት አይችልም፣ ቢሮውም «የእሱ ጉዳይ ነው» ማለት አይችልም።

ብቻውን የሚሠራ ጠበቃም ከዚህ አያመልጥም። ተተኪ የሚሆን ባልደረባ አስቀድሞ መምረጥ፣ ፋይሎቹ የት እንዳሉ ማሳወቅ ይኖርበታል። የሞዴል ደንብ 1.3 ማብራሪያ ይህን ይመክራል።

ስህተቱ ከታወቀ በኋላ

ሰዎች ስለዚህ ጉዳይ ሲያወሩ ቶሎ የሚያልፉት ክፍል አለ። ድርጅቱ ችግሩን ካወቀ በኋላም የራሱ ጠበቆች ሜፕልስን መወከል ቀጠሉ። አስቡት። የሜፕልስ ጠንካራው ክርክር ምንድን ነው? ጠበቆቼ ጥለውኝ ሄደዋል የሚል ነው። ይህን ክርክር የሚያቀርቡለት እነማን ናቸው? የዚያው ድርጅት ጠበቆች። ክርክሩ በጠነከረ ቁጥር የድርጅቱ ስም ይጎዳል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን የጥቅም ግጭት በግልጽ አንስቶታል። ድርጅቱ ስሙን የመጠበቅ ፍላጎቱ ከደንበኛው ፍላጎት ጋር ይጋጭ ነበር። በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፊት ቆሞ ጥለውት ሄዱ ብሎ የተከራከረለት ከሌላ ድርጅት የመጣ ጠበቃ ነው።

ለማረም መሮጥ ተፈጥሯዊ ነው። የአንድ ቀን መዘግየት ለሌላ ጥፋት ሊዳርግ ስለሚችል አስቸኳይ ወረቀቶችን ማስገባት ተገቢም ነው። ግን በዚያው ሳምንት ደንበኛው እውነቱን መስማት አለበት። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በ2018 በ481ኛ አስተያየቱ፣ ጠበቃ ከባድ ስህተት መሥራቱን ሲያውቅ አሁን በእጁ ላለው ደንበኛ መናገር ግዴታው እንደሆነ አስቀምጧል። ከባድ የሚባለው ደንበኛውን ሊጎዳ የሚችል፣ ወይም ደንበኛው ቢያውቀው ጠበቃውን እስከ መተው የሚያደርሰው ነው። ደንበኛው ባይጠይቅም፣ ስህተቱ ገና ጉዳት ባያደርስም ይነገረዋል።

ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም። ምን እንደተፈጠረ በቀን ይናገር። የትኛው ጊዜ እንዳለፈ፣ የትኛው እንዳላለፈ ይዘርዝር። እኛ በዚህ ጉዳይ የራሳችን ጥቅም አለን ይበል። ከእኛ ጋር ግንኙነት የሌለው ጠበቃ እንዲያማክርህ እንመክራለን ይበል። ደንበኛው ያንን ጠበቃ በራሱ ማግኘት ካልቻለ፣ እንደ ሜፕልስ እስር ቤት ከሆነ፣ ቢሮው ስልኩን አንስቶ ያፈላልግለት። ከዚያ ፋይሉን ሙሉውን፣ የተመለሱትን ፖስታዎች ቅጂና የውስጥ ማስታወሻውን ጨምሮ፣ ለአዲሱ ጠበቃ ያስረክብ።